ሲገናኙም በወግ፣ ሲለያዩም በወግ

ለወንድሜ ልጅ ለአሠሪው፣ ለእህቴም ልጅ ለተቀጣሪዋ

ልጆቼ፣ በየተራ መጥታችሁ አንድ ዓይነት ስሞታ አሰምታችሁኛል። አንተ «ሠራተኛ መታመን ተወ፤ አሠልጥኜ፣ ለወግ አብቅቼ፣ ጥቂት ብር ለጨመረለት ጥሎኝ ይሄዳል» ትላለህ። አንቺ ደግሞ «ለማን ብዬ ልታመን? ሰባት ዓመት ያገለገለች ባልደረባዬን ያለ አንዳች ጥፋት በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሸኟት» ትያለሽ። አንተ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ከፍተህ ለብዙ ቤት እንጀራ ያወጣህ ሰው ነህ። አንቺ በግል ባንክ ተቀጥረሽ በላብሽ የምታድሪ ነሽ። ሁለታችሁም የሥጋዬ ቁራጭ ናችሁና ለአንዳችሁ ወግኜ ሌላችሁን አልገስጽም። በአንድ እጅ አይጨበጨብም፤ የምለውን አብራችሁ ስሙኝ።

እኔ የሸበትኩት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። የቅጥር ደብዳቤ ስጽፍ፣ የዓመት ፈቃድ ስመዘግብ፣ የስንብት ወረቀት ስሰጥ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ አሠሪና ሠራተኛ ሲጣሉ ለሽምግልና እየተጠራሁ የሁለቱንም ወገን እንባ አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ያተረፍኩት አንድ ዕውቀት ነው፤ ታማኝነት አንድ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት መቀመጥ አይደለም። ታማኝነት አብረው ሳሉ አለመሸዋወድ፣ ሲለያዩም አለመጎዳዳት ነው። ቀድሞ መታመን ያለበት ደግሞ ጉልበቱ የበረታው ወገን፣ ማኅተሙም ካዝናውም በእጁ ያለው ነው።

ስለ ድሮው ዘመን

«በእናንተ ጊዜ ሰው አንዴ ከተቀጠረ እስከ ጡረታ ነበር» ስትሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ግን ነገሩን ሁሉ ታማኝነት አድርጋችሁ አትውሰዱት። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካውም፣ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም ሲወረስ ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ብቻ ሆነ። የከፋው ሰው ወዴት ይሄዳል? መሄጃ አጥቶ የተቀመጠ ብዙ ሰው ታማኝ ተብሎ የምስክር ወረቀት ወስዷል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ድርጅቶች ወደ ግል ሲዞሩና ሲታጠፉ፣ ጉልምስናውን ሁሉ በአንድ ግቢ ያሳለፈ ሠራተኛ ስሙ በቅነሳ ዝርዝር ተለጥፎ ያነበበበት ቀን መጣ። ልጆቹ ያንን አይተው አደጉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ዛሬ ወጣቱ አንድ እግሩን ከበሩ ውጪ አድርጎ የሚሠራው በክፋት ብቻ አይደለም፤ አባቱ የደረሰበትን አይቶ ነው።

ደግሞም መሄጃ መኖሩ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲቋቋም ከረጅም ዘመን በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ ነበር፤ ዛሬ የአገሪቱ ባንኮች ወደ 30 ገደማ ደርሰዋል። አዲስ ባንክ በተከፈተ ቁጥር ከነባሩ ባንክ አንዱ ካሸር በአንድ እርከን ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላዋም የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ትሆናለች። ይህ የእንጀራ መስፋት ነው። ታማኝነትም ክብር የሚያገኘው ሰው መሄድ እየቻለ ሲቀር፣ ወይም መሄድ ሲኖርበት በወጉ ሲሄድ ነው።

ለአንተ ለአሠሪው

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብበኸዋል? ካላነበብከው ገዝተህ መሳቢያህ ውስጥ አኑረው። አዋጁ ወለል ነው፤ ከወለሉ በታች ሆኖ ስለ ታማኝነት የሚናገር አሠሪ ሰሚ አያገኝም።

ከቅጥሩ ጀምር። ሰው በስልክ ጠርተህ፣ «ና ጀምር፣ በኋላ እንነጋገራለን» ብለህ አታስገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና የውሉን ሁኔታ የያዘ ደብዳቤ ፈርመህ እንድትሰጠው ያዝዛል። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን እንዳያልፍ ይገድባል። ሥራው የዘወትር ሆኖ ሳለ ሰውየውን በየሦስት ወሩ ኮንትራት እያደሱ ማቆየትን አይወድም፤ ውል ለተወሰነ ጊዜ የሚሆንባቸውን ምክንያቶች ለይቶ ዘርዝሯል። አንተ ሰውየውን በየሦስት ወሩ «ትታደስ ይሆናል» እያልክ ስታስጨንቀው ከርመህ፣ እሱ ግን ዕድሜ ልኩን እንዲያስብልህ መጠበቅ አይሆንልህም። ለሦስት ወር የተቀጠረ ሰው የሚያስበው ለሦስት ወር ነው።

ቀጥሎ ደመወዝ። የሠራተኛን ዋጋ ማሳደር በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ኃጢአት መሆኑን ካህኑም ሼኩም ሳይለያዩ አስተምረውናል። ደመወዝ አምስት ቀን ሲዘገይ አንተ ዘንድ አምስት ቀን ነው፤ ሠራተኛው ቤት ግን አከራይ በር ያንኳኳል፣ ዕቁብ ሰብሳቢ ይደውላል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ቅጣት ይጨመርበታል። ሰውየው በማግሥቱ መጋዝህ ላይ ሲቆም እጁ እንጨቱ ላይ፣ ልቡ አከራዩ ዘንድ ነው። ጡረታውንም አትርሳ። ከደመወዙ 7 በመቶ ትቆርጥበታለህ፣ ከራስህ 11 በመቶ ትጨምርለታለህ፤ ሁለቱንም በጊዜው ማስገባት አለብህ። ከሰው ደመወዝ ቆርጦ ሳያስገባ የሚቀር አሠሪ የዚያን ሰው እርጅና ነው የሚበላው። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ክህደቶች ከዚህ የከፋ የለም።

«ገንዘብ ሲያጥርስ?» ትለኝ ይሆናል። ሲያጥርማ እውነቱን ማውጣት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከልክለው ነበር፤ ገበያው ግን ቀጥ ብሎ ነበር። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት አውቃለሁ። ሠራተኞቿን ሰብስባ የባንክ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ያለው ይኸ ነው፣ የቤት ኪራዩ ይኸ፣ ያለብኝ ዕዳ ይኸ። ሙሉ ደመወዝ ልክፈል ብል በሁለተኛው ወር ሁላችንም ደጅ ነን» አለቻቸው። ተመካከሩና በግማሽ ደመወዝ ተስማሙ። እሷም የጎደለውን ግማሽ በየስማቸው ትይዩ ጽፋ ፈረመችላቸው። እንግዳ መመለስ ሲጀምር ያንን ወረቀት አውጥታ በየወሩ እየቀነሰች ከፍላ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቤቶች ወጥ ሠሪዋን በብልጫ ደመወዝ ሊወስዷት መጥተው ነበር፤ አልሄደችም። ምክንያቷን ስጠይቃት «ደብተሯን አሳይታኛለች» ነው ያለችኝ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባል የለ? መተማመን ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ የሚገኘውም ባለቤቱ ቀድሞ ሲታመን ነው።

ቃል ስትሰጥ ተጠንቀቅ። «ይቺ ፕሮጀክት ትለቅና ቦነስ አለ፣ ዘንድሮን ታገሡኝና ጭማሪ አለ» እያልክ ዓመት ከዓመት የምታሻግራቸው ከሆነ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብለው ይተዉሃል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ያሉ አባቶች ልጅ ጠልተው አይደለም፤ የቃልን ክብደት ሲያስረዱ ነው። የማትችለውን አትናገር፤ የተናገርከውን ጻፈው።

የማያቸው አሠሪዎች ሁሉ የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ። አዲስ ሰው ከውጪ ሲያመጡ በገበያው ዋጋ ይቀጥራሉ፤ አዲሱን ቁጭ አድርጎ ሥራ የሚያሳየውን ነባሩን ግን በጥንቱ ደመወዝ ያቆዩታል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ነው። ፔሮሉ ላይ ሲፈርም የአዲሱን ደመወዝ በጨረፍታ ያየ ነባር ሠራተኛ በዚያች ቅጽበት ልቡ ይሸፍታል። አካሉ ከወራት በኋላ ተከትሎ ይወጣል፤ አንተም «ሳይነግረኝ ከዳኝ» ትላለህ። ነባሩን የመሄጃ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ አይደለም የምትጨምርለት፤ ሳይጠይቅህ ነው።

የኑሮውንም ነገር አስብ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ወጣቶችን፣ አብዛኞቹንም ሴቶች፣ ቀጥሮ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት የጀማሪዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ በአዲስ እስከ መተካት እንደ ደረሱ ጽፈዋል። ያን ጊዜ «የአገራችን ልጆች የፋብሪካ ዲሲፕሊን የላቸውም» የሚል ወሬ በዝቶ ሰማሁ። ከገጠር የመጣች ልጅ ለአራት አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ምግቧን ችላ ለቤተሰቧ የምትልከው ካጣች፣ መመለሷ የዲሲፕሊን ጉድለት አይደለም። ማንም ቢሆን ደመወዙ ከማያኖርበት ቦታ አይከርምም። አንተ ሁሉን ማሟላት አትችል ይሆናል፤ ነገር ግን ሠራተኛህ በየት ሠፈር፣ በስንት ብር ኪራይ፣ በስንት ታክሲ ተሳፍሮ እንደሚመጣ ጠይቀህ ዕወቅ። ይህን የሚያውቅ አሠሪ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በማስተዋል ነው።

ከገንዘቡ እኩል የሚመዘን ሌላ ነገር አለ፤ ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። ሠራተኛን በደንበኛ ፊት አትስደብ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ አንተ ያዋረድከውን ፎርማን ረዳቶቹ አይሰሙትም፣ ደንበኛውም አያምነውም። የምትቆጣው ካለህ ወደ ቢሮህ ጠርተህ በሩን ዘግተህ ተቆጣው። ምስጋናህን ግን በሰው ፊት አድርገው። የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት አዋጁ የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ድንኳኑ ውስጥ ገብተህ ከወንድሞቹ አጠገብ እንድትቀመጥ ግን የሚያዝዝህ አዋጅ የለም። አንተ ለቅሶ የደረስክለት ሠራተኛ ያንን ቀን ለልጆቹ ሲነግር ይኖራል። ታማኝነት የሚያድገው በዚህ፣ ማንም ሳያስገድድህ በምታደርገው ነው።

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ማለትንም አታብዛ። ቤተሰብ ልጁን ገበያ ሲቀዘቅዝ አይቀንስም። አንተ ግን አንድ ቀን ግድ ሆኖብህ ትቀንስ ይሆናል። ሰውን በቤተሰብ ስም በነፃ አምሽቶ እንዲሠራ ካደረግክ በኋላ በቅነሳ ዝርዝር ብታስገባው ቁስሉ አይሽርም። ያመሸበትን በሕጉ ክፈለው፤ በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላመሸበት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ለሠራበት ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ሒሳቡ ከጠራ በኋላ ፍቅሩም በእውነት ይሆናል።

ለአንቺ ለተቀጣሪዋ

አሁን ወዳንቺ ልመለስ፤ አሠሪውን ስመክር ደስ ብሎሽ የሰማሽውን ያህል ለራስሽም ስሚ።

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል። አለቃሽ ክፉም ቢሆን ሥራሽን አጥርተሽ ሥሪ። ዛሬ በእልህ ያዝረከረክሽው ሒሳብ አለቃሽን ከመጉዳቱ በፊት ያንቺን እጅ ያበላሻል። ሰው ቦታ ሲለውጥ የሚሄደው የለመደውን እጅ ይዞ ነው። ስንፍናን «ለእነሱ ይኸ ይበቃቸዋል» እያለ የለመደ ሰው፣ የሚወደው መሥሪያ ቤት ሲያገኝም እጁ አይታዘዘውም።

ሁለተኛ፣ የቀጠረሽን ሰዓት ለሌላ አትሽጪ። አዋጁ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ የሠራተኛውን ዕረፍት አስከብሯል፤ የቀረው ሰዓትሽ ያንቺ ነው። በዚያ ሰዓት ንግድም ብትነግጂ፣ ማታ ብትማሪም ማንም አይከፋም። ነገር ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። በአንዱ መሥሪያ ቤት ወንበር ተቀምጦ የሌላውን ሥራ መሥራት፣ የደንበኞችን ስምና ስልክ ገልብጦ ለተወዳዳሪ ማቀበል፣ በቢሮው ኮምፒውተር የግል ድርጅትን ሒሳብ መዝጋት ስርቆት ነው። ብር ባይነሳበትም ስርቆት ነው።

ብር የሚነሳበትማ ምን ይባላል! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ከአፋችሁ አውጡት። ከአባቶች የወረስነው ሁሉ አይወረስም፤ ይህ አባባል ስንት ቤት አፍርሷል። የአንቺ ነገር ደግሞ በአንቺ አያበቃም። ስትቀጠሪ ዋስ የሆነልሽ ሰው አለ፤ ደመወዙን አስመዝግቦ፣ መታወቂያውን ሰጥቶ፣ ስምሽን አምኖ የፈረመ። የጎደለው ገንዘብ ከዚያ ሰው ጉሮሮ ነው የሚወጣው። መሥሪያ ቤቱ ሲናጋም «ሁሉም እየወሰደ ነው» በሚል እጅሽን አትዘርጊ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ድርጅት ሲወድቅ የሚያተርፍ ሠራተኛ የለም።

ሦስተኛ፣ ቅሬታሽን በጊዜው ተናገሪ። በሻይ ሰዓት እየተንሾካሾኩ፣ በፊት ለፊት «እሺ ጌታዬ» እያሉ ከርመው፣ አንድ ቀን በግብዣ ላይ የሚፈነዱ ሰዎች አይቻለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። የተሻለው መንገድ ቀን ቆርጦ፣ ጉዳዩን በሁለት በሦስት ነጥብ ጽፎ፣ ለሚመለከተው ኃላፊ ማቅረብ ነው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የተባለበት ዘመን አልፏል። ሠራተኛው ማኅበር ከመሠረተ ቆይቷል፤ የአገር አቀፉ ኮንፌዴሬሽን መነሻም 1955 ዓ.ም. ነው። አቤቱታ ማቅረብና የማኅበር አባል መሆን ሰውን ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ራሱ ይናገራል። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ለሰው አታድርጊው። ለአለቃው ሁሌ የሚያጨበጭብ ሰው የታማኝ ሥራ አልሠራም። ታማኝ ሠራተኛ ማለት «ይህ ብድር አይመለስም፤ ሰነዱ ጎደሎ ነው» ብሎ ቀድሞ በወረቀት የሚናገር ነው። ይህን ከሚሰማ አለቃ ጋር ቆዪ፤ ከማይሰማው ጋር መቆየት ግዴታ የለብሽም።

አራተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ ያሠለጠነሽ እንደሆነ ውለታውን አትርሺ። ዕቁብ ውስጥ ሰው የሚታወቀው ዕጣ ከወጣለት በኋላ ነው፤ ገንዘቡን ወስዶ እስከ መጨረሻዋ ዙር የሚጥል አለ፣ በማግሥቱ ስልኩን የሚዘጋም አለ። ሥልጠናም እንዲሁ ነው። ለዚህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ ብለሽ ከፈረምሽ ጨርሺ። ግድ ሆኖብሽ መጨረስ ካልቻልሽም ሄደሽ ተነጋገሪ፤ የሚከፈለው ተከፍሎ በስምምነት ይዘጋ።

ለመሄድ ስታስቢ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ተቀመጪ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው በደመወዝ ብልጫ ብቻ ለሚነሱ ሰዎችም ይሠራል። አዲሱ ደመወዝ ከግብር በኋላ ስንት ይቀራል? ባንክ ለሠራተኛው በቅናሽ ወለድ የሚሰጠው የቤት ብድር ስትለቂ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ከወጣ ወርሃዊ ክፍያሽ ስንት ይሆናል? አዲሱ ቦታ ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት? ለልጅሽ ሕክምና ይሸፍናል? ታክሲውስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ሁሉንም በቁጥር አስቀምጪው። ሒሳቡ «ሂጂ» ካለሽ ያለ ጸጸት ሂጂ። ለልጆችሽ የተሻለ እንጀራ መፈለግ ክህደት አይደለም።

እህል ውኃ ሲያልቅ

የሁለታችሁንም ታማኝነት አጣርቶ የሚያሳየው የመለያያው ሳምንት ነው። በቅጥር ቀን ሁሉም ሰው ፈገግ ይላል።

አንቺ ስትለቂ አዋጁ የሚጠይቅሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን ሳታሟዪ ብትወጪ እስከ 30 ቀን ደመወዝሽ ካሣ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ግን ካሣውን ብቻ አትቁጠሪ፤ በእነዚያ 30 ቀናት ሥራሽን በዝርዝር ጽፈሽ፣ ያልተዘጋውን ለይተሽ፣ ለሚተካሽ ሰው እጅ በእጅ አስረክቢ። ስትወጪም ስለ ቀድሞ ቤትሽ ክፉ አታውሪ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ አንቺ ከምሳሮቹ አንዷ አትሁኚ።

አንተም ሰው ስታሰናብት፣ ሰውየው ጥፋት ሳይኖርበት ከሆነ፣ እንደ አገልግሎቱ ዘመን ከ1 ወር እስከ 3 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ያቺ ሰባት ዓመት ያገለገለች የባንክ ሠራተኛ 2 ወር ይገባት ነበር። ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ያለውን ሒሳብ ሁሉ ክፈል፤ ካዘገየህ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምርህ ይችላል። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ስጠው።

ይህን የመጨረሻውን ደጋግሜ የምናገረው ያየሁት ስላለ ነው። በሽምግልና ከያዝኳቸው ጉዳዮች አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። የተሻለ ቦታ አግኝታ በወጉ ማስጠንቀቂያ ሰጠች፣ ወሯንም ጨረሰች። ክሊራንሱን ይዛ ዞረች፤ ንብረት ክፍል ፈረመላት፣ ገንዘብ ቤት ፈረመላት፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩም ፈረመላት። የቀረው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ብቻ ነበር። «ነገ ነይ» አላት። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። አዲሱ ቀጣሪ የሥራ ልምድ ወረቀቷን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆይቶ ሌላ ሰው አስገባ። እኛ ሽማግሌዎቹ ስንጠይቀው ሰውየው «አስተምሬ ለተወዳዳሪ ላስረክብ?» አለን። እሷ ከሁለቱም ወጣች። የቀሩት ሠራተኞች ግን ሁሉንም ያዩ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ሌሎች ሦስት ሰዎች ከዚያ ቤት ለቀቁ፤ አንዳቸውም ማስጠንቀቂያ አልሰጡም። ማስጠንቀቂያ መስጠት ለመታገት ቀን መቁረጥ ሆኖባቸው ነበር። ሰውየው አንዲት ሴት ይዤ አስተምራለሁ ብሎ ቤቱን በሙሉ መደበቅ አስተማረ።

እህቶቻችን በዓረብ አገር ፓስፖርታቸው በአሠሪ ተይዞ መውጫ ሲያጡ ስንሰማ አንጀታችን ይቃጠላል። የሰው የሥራ ልምድ ወረቀት በመሳቢያ ቆልፎ መያዝም የዚያው ዘመድ ነው። የሚሄደውን ሰው መርቀህ ሸኘው። ነግ በእኔ በል። የሸኘኸው ሰው ነገ ደንበኛ ሆኖ ይመጣል፣ ሠራተኛ ይልክልሃል፣ ባልጠበቅከው ቦታ ስለ አንተ ደግ ይመሰክራል። ከሄደበት የመመለስ ሐሳብ ቢኖረውም በርህን ያውቀዋል።

በቤታችሁ ጀምሩ

ሁለታችሁም አሠሪ የሆናችሁበት አንድ ቦታ አለ፤ ማድቤታችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ ለእሷ የሥራ ሰዓትም፣ የዕረፍት ቀንም፣ የዓመት ፈቃድም የሚወሰነው ባብዛኛው በእናንተ ኅሊና ነው። አንቺ የባንክ አለቃሽ ከሰዓት በላይ አስመሸኝ ብለሽ ታዝኛለሽ፤ ቤትሽ ያለችው ልጅ ግን ከንጋት ጀምሮ ቆማ ልጆችሽ እስኪተኙ ትጠብቃለች። አንተም ሠራተኛ ከዳኝ ትላለህ፤ ቤትህ ላለችው ግን ደመወዟን «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ብለህ ይዘህባታል። በስሟ የባንክ ደብተር አውጡላት። ሳምንት አንድ ቀን የራሷ ይሁን። የማታ ትምህርት አስመዝግቧት፤ በትምህርት ሰዓቷም እንግዳ መጣ ብላችሁ አታስቀሯት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ ልጆቻችሁ ነገ አሠሪ ሲሆኑ እንዴት እንደሚያሠሩ፣ ተቀጣሪ ሲሆኑም እንዴት እንደሚታመኑ የሚማሩት እሷን የያዛችሁበትን እያዩ ነው።

በተረፈ ይህን አድርጉ። አንተ በዚህ ወር ውስጥ ውል የሌለውን ሠራተኛህን ሁሉ ውል ስጠው፤ ነባሮቹንም አንድ በአንድ ጠርተህ «ምን ጎደለህ?» በላቸው። አንቺም የቆየ ቅሬታሽን ጽፈሽ ለኃላፊሽ አቅርቢ፤ መልሱን ካየሽ በኋላ መቆየትሽን ወይም መሄድሽን ወስኚ። ሁለታችሁም የምትፈልጉትን ታማኝነት ከወዲያኛው ወገን አትጠብቁ፤ ከየራሳችሁ ጀምሩ።

የሠራችሁበት እጅ አይዛል። የምትቀጥሩት ታማኝ፣ የሚቀጥራችሁም ደግ ይሁን። ከምትገቡበት ቤት በምስጋና ግቡ፣ ከምትወጡበትም በምርቃት ውጡ። አሜን።